ገምቦ እንደ ቅርጽ፦ የማርሎን ሪግስ የመጨረሻ ፊልም

ጥቁር አሜሪካዊው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ማርሎን ሪግስ (1957–1994 እ.ኤ.አ.) በ1989 «ተንግስ አንታይድ» በተሰኘው ሥራው፣ ራሱም አንዱ የሆነላቸውን የጥቁር ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ዝምታ ሰበረ። «ብላክ ኢዝ... ብላክ ኤይንት» ደግሞ መላውን ማኅበረሰብ ይጠይቃል፦ ጥቁር ማን ነው? ማንስ ከጥቁርነት ሊያስወጣው ይችላል? ምላሹ ገምቦ የተባለው የሉዊዚያና ወጥ ነው፤ የሚገባበት ብዙ፣ ድስቱ አንድ። እንደ አንጄላ ዴቪስና ቤል ሁክስ ያሉ ምሁራን የሚሰጡት ማብራሪያ አልፎ አልፎ ምስሉ የተናገረውን ይደግማል። ሪግስ በኤድስ ታሞ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሲናገር ግን ሐሳቡ ሥጋ ይለብሳል። ፊልሙ ሳያልቅ ሞተ፤ ባልደረቦቹ ፈጸሙት። የተጽዕኖውን ማስረጃ ከዚህ ርቀን መፈለግ አያሻንም፤ ይዘቱ የሰበከውን ኅብረት የፊልሙ አሠራር ራሱ አረጋግጦታል። እርሱ የጣደውን ድስት ሌሎች አወረዱት።