ሎዛ አበራ፦ ከዱራሜ እስከ ዋሽንግተን

በወገዳም ሆነ በጋይንት ሜዳ በገና ሰሞን ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር የሚያሳድደው ወንዱ ነው፤ ሴቶቹ ዳር ሆነው ያያሉ። ጎል አግብታ ደመወዝ የምትበላ ሴት ሲነሳ ታዲያ ሐሳቤ ወደ ከምባታ ይሻገራል፤ ወደ እግር ኳስ አጥቂዋ ሎዛ አበራ።

ዱራሜ ተወልዳ በሐዋሳ ከተማ ተጫወተች፤ ስሟ የገነነው በደደቢት ነው። ለስዊድኑ ኩንግስባካ ተሰልፋ ተመለሰች፤ አዳማ ከተማም ገባች። ማልታ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ2012 ዓ.ም ለቢርኪርካራ ስትጫወት የሊጉ ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ሆነች፤ ክለቡም ዋንጫ አነሳ። ሬይደርስ ሊጃን 17 ለ 0 ሲረቱ ሰባቱን ያገባችው እሷ ናት። ተጋጣሚው ደካማ ነበር የሚል አይጠፋም። ይሁን! በአንድ ጨዋታ ሰባት ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ መገኘት ግን ዕድል አይባልም። ሰው የሚያየው ምቱን ነው፤ የአጥቂ ሥራ ከዚያ ይቀድማል፦ ከተከላካይ ጀርባ መሰወር፣ ኳሱ ሳይሻገር ግማሽ እርምጃ መቅደም።

በ2013 መጨረሻ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ኬንያ ላይ ለሴቶች የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ የሴካፋ ዞን ማጣሪያ ፍጻሜ ደረሰች፤ ዋንጫውን የኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ወሰደ፣ የጎሉን ክብር እሷ።

በ2016 ክረምት ደግሞ ለአሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈረመች። ሐበሻ በሞላበት ዋሽንግተን መጫወት የራሱ ጥቅም ነበረው፤ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራ ደጋፊ አታጣም ነበር።