ዲችሊንግ ላይ ወርዶ መግፋት

የብሪታንያ የልብ ፋውንዴሽን ለልብ ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚያዘጋጀው የለንደን–ብራይተን የብስክሌት ጉዞ 54 ማይል ነው፤ በኪሎ ሜትር 87 ገደማ። ከለንደን ወጥቶ በለምለም ገጠር ያልፋል። ደስ ይላል፤ ግን ቁም ነገሩ ያለው ዲችሊንግ ቢከን ላይ ነው።

ይህ 248 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ የሚመጣው ባሕር ዳር ካለችው ብራይተን ሊደረስ ትንሽ ሲቀር፣ ጉልበት ከዛለ በኋላ ነው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ብዙ ሰው ወርዶ ብስክሌቱን ይገፋል። እኔ የምወደው ይህንኑ ነው። ውድድር ቢሆን ሽንፈት ነበር፤ እዚህ ግን ማንም ማንንም አይታዘብም። ባለ ውድ ብስክሌቱ ጎረምሳና ዝገት የበላውን ብስክሌት ከጓዳ ያወጣው አባወራ ጎን ለጎን ያልባቸዋል። አንዳንዱ ጀርባ ላይ በልብ ሕመም የተለየ የቤተሰብ ሰው ስም ተጽፏል። ለልብ ምርምር ተብሎ ልብ እስኪወልቅ መድከም! ቀልዱ ያልገባው ብስክሌተኛ ያለ አይመስለኝም።

ደግሞ ማቋረጥ ያሳፍራል፤ የብስክሌተኛው ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም «እስከ መጨረሻው እነዳለሁ» ባለው ቃል አምነው ለምርምሩ ገንዘብ ሰጥተውታል። አናቱ ላይ ሲወጣ ባሕሩ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ወዲያ አብዛኛው ቁልቁለት ነው።