«መግጠም» የሚለው ግስ በሞተር እድሳት ጽሑፍ

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት»ን ካሳተመ ወዲህም ቢሆን፣ የቴክኒክ ቃላት ጉዳይ ሲነሣ ክርክሩ ወደ ስሞች ያዘነብላል። «ካምሻፍት» ይባል ወይስ «የካም ዘንግ»? «ቤሪንግ» ይቆይ ወይስ ይተርጎም? እኛ በዚህ ብዙ አንጨነቅም። ከጣልያንኛ የመጡት ካንዴላ፣ ካቻቢቴና ኩሽኔታ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ በጋራዥ ቋንቋ ሥር ሰደዋል፤ ኩሽኔታ በአገሩ «ትንሽ ትራስ» ማለት መሆኑም ሥራ ያስፈታው መካኒክ የለም። የሚያሳስበን ግሱ ነው።

በወልድያና በቆቦ መካከል፣ በአውራ ጎዳናው ላይ በምትገኘው ሮቢት (የሸዋዋን ማለታችን አይደለም) አንድ ወጣት መካኒክ ያረጀ የመኪና ሞተር ፈትቶ ሊያድስ ተቀምጧል እንበል። የያዘው መመሪያ «የካምሻፍቱን ቤሪንግ ግጠም፤ የዘይቱን ቀዳዳ ግጠም፤ ካምሻፍቱን ግጠም» ቢለው፣ በአንድ ግስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ታዟል ማለት ነው።

ካምሻፍታቸው በብሎኩ ውስጥ በሚዞር ብዙ አሮጌ ሞተሮች፣ ቤሪንጉ ኳስ የሌለው ስስ ቀለበት ነው። ከመቀመጫው በጥቂቱ ስለሚሰፋ በልኩ በተሠራ መግፊያ፣ ሳይጣመም፣ በኃይል ይገባል። ለዚህ «መሰንቀር» የሚለውን አስበን ነበር፤ ነገር ግን ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ አጥንትን ስለሚያስታውስ ትተነዋል። «በግፊት ማስገባት» ይበቃል። ካምሻፍቱ ግን በተቃራኒው የሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ክፍተት ተትቶለት፣ በእጅ እየተዞረ በቀላሉ የሚገባ ነው።

አደገኛው መካከለኛው ትእዛዝ ነው። «ግጥም አድርጎ ዘጋ» እያለ ያደገ ሰው፣ «ቀዳዳውን ግጠም» ሲባል «ድፈነው» የተባለ ቢመስለው ማን ይፈርድበታል? ዘይት ወደ ካምሻፍቱ የሚደርሰው የቀለበቱ ቀዳዳ በብሎኩ ቀዳዳ ላይ ሲውል ነው። ጥቂት ዘወር ካለ ዘይቱ ያንሳል፤ ከተደፈነም ጭራሽ ይቀራል፤ የቀለበቱ ለስላሳ ልባስ ይላጣል፣ ካምሻፍቱም ይፋቃል። ሞተሩ ከተዘጋ በኋላ ይህ ስሕተት ከውጭ አይታይም፤ መካኒኩ የሚያውቀው ደንበኛው ወደ ወልድያ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ይሆናል።

ስለዚህ ለዚህኛው ሥራ «ማናበብ» የሚለውን እንመርጣለን። ሰዋስው «ተናባቢ» ሲል ሁለት ቃላት ተያይዘው አንድ አሳብ መስጠታቸውን እንደሚያመለክት ሁሉ፣ እዚህም ሁለት ቀዳዳዎች አንድ መተላለፊያ ይሆናሉ። ቃሉ ለጋራዥ ጆሮ የረቀቀ ነው የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ተቃውሞው ፍሬ ቢስ አይደለም፤ ሆኖም «መናበብ» ዛሬ በሁሉም አፍ ያለ ቃል ነው። የትእዛዙም ተራ ቢሆን ሊታረም ይገባል፤ ቀለበቱ አንዴ ከገባ በኋላ አይዞርምና። እኛ እንዲህ እንጽፈው ነበር፤ «የቤሪንጉን የዘይት ቀዳዳ ከብሎኩ የዘይት ቀዳዳ ጋር አናብበህ ቤሪንጉን በግፊት አስገባ፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች ቀጭን ሽቦ አሳልፈህ አረጋግጥ፤ ከዚያም ካምሻፍቱን ዘይት ቀብተህ በዝግታ አስገባ።»