ዳግም፦ ከአረቄ ማሰሮ እስከ ማንጠሪያ ማማ

በሰሜን ሸዋ ደጋማ መንደሮች አረቄ የሚያወጡ ሴቶች ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ የተዘጋጀውን ድፍድፍ በማሰሮ አፍልተው እንፋሎቱን በቱቦ እየመሩ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ያጠራቅማሉ፤ መጀመሪያ የወጣውን «ተራ»፣ እንደገና ተፈልቶ የወጣውን «ዳግም» ይሉታል። የኬሚካል መሐንዲስ የሚነድፈው ማንጠሪያ ማማ፣ በሙያው ስሙ ዲስቲሌሽን ኮለም፣ ይህንኑ ዳግም በአንድ ረጅም ሲሊንደር ውስጥ ደጋግሞ የሚፈጽም ዕቃ ነው።

ሥራው የተመሠረተው አልኮል ከውኃ ይልቅ ፈጥኖ በመትነኑ ላይ ነው፤ በባሕር ወለል ግፊት አልኮል በ78.4፣ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የመንዝ ከፍታ ውኃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከ100 ሞለኪውሎቹ 10ሩ አልኮል የሆኑ ድብልቅ በባሕር ወለል ሲፈላ ከእንፋሎቱ 44 ያህሉ አልኮል ይሆናሉ፤ ድብልቁ 70 ሲደርስ ግን እንፋሎቱ ከ75 ብዙም አያልፍም። በክብደት 95.6 በመቶ ላይ ፈሳሹና እንፋሎቱ አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ፣ አዜኦትሮፕ ከሚባለው ከዚህ ወሰን ተራ ማፍላት አያሻግርም።

በማማው ውስጥ ትሪ የሚባሉ ቀዳዳማ ወለሎች ይደረደራሉ፤ ወደ ላይ የሚወጣው እንፋሎት በእያንዳንዱ ትሪ ላይ ከላይ በሚወርደው ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ውኃውን እየተወ በአልኮል ይበለጽጋል። የኬሚካል መሐንዲሶቹ ማክካብና ቲል በ1925 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘዴ ነዳፊው በግራፍ ላይ ደረጃ እየሣለ የሚያስፈልጉትን ትሪዎች ይቆጥራል።

የንድፉ ልብ ግን ምላሹ ነው፤ ምላሽ ማለት አናት ላይ ቀዝቅዞ ከተጠራቀመው ተከፍሎ ወደ ማማው የሚመለሰው ፈሳሽ ሲሆን፣ እርሱ ከሌለ በላይኛዎቹ ትሪዎች እንፋሎቱን የሚያጥብ አይኖርም። ምላሹ ሲበዛ ጥቂት ትሪ ይበቃል፣ የተመለሰው ሁሉ እንደገና ስለሚፈላ ግን ነዳጁ ይጨምራል፤ ከተወሰነ መጠን ካነሰ ደግሞ የቱንም ያህል ትሪ ቢደረደር የተፈለገው ንጽሕና አይገኝም። የማማው ስፋትም በእንፋሎቱ ፍጥነት ይወሰናል፤ እሳቱ ሲበረታ ፈሳሹ መውረድ አቅቶት ማማው ይጥለቀለቃል፣ ሲደክም ፈሳሹ በቀዳዳዎቹ ይንጠባጠባል። ማሰሮው እንዳይገነፍል እሳቱን በለሆሳስ የምታነድ አረቄ አውጪም ይህንኑ ሕግ በእጇ ታውቀዋለች።

ማማው በአንድ ጊዜ ወጪ ሲቆም እሳቱ በየዕለቱ ማገዶ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በንድፍ ላይ የሚጨመር ትሪ ሁሉ ማገዶ ብርቅ በሆነበት ደጋ የሚተርፍ ኩበትና እንጨት ሆኖ ሊታሰብ ይገባዋል።