ዲቪዲ ድራይቭ ሲጠፋ ፎርማት ለምን?

«ዲቪዲ ድራይቩ አይታይም፤ ፎርማት ላድርገው?» ጥገና የሚጀምሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ዊንዶውስን ከመንካት በፊት ባዮስ ይታይ እላለሁ። ባዮስ ከዊንዶውስ ቀድሞ ስለሚነሳ፣ እሱ ድራይቩን ካላየው ጥፋቱን ዊንዶውስ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ችግሩ ያለው ኬብሉ፣ ፓወሩ፣ የማዘርቦርዱ ፖርት ወይም ድራይቩ ራሱ ላይ ነው፤ ፖርቱ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። በአሮጌዎቹ የአይዲኢ ማሽኖች ድራይቩን ማስተር ወይም ስሌቭ የሚያደርገው ጃምፐርም መታየት አለበት። በአንድ ኬብል ላይ ሁለት ማስተር ከተቀመጠ አንዱ ወይም ሁለቱም ይሰወራሉ። ጃምፐሩ ኬብል ሴሌክት ላይ ከሆነ ደግሞ ወሳኙ ኬብሉ ነው፤ በባለ 80 ሽቦው ሰማያዊው ጫፍ ለማዘርቦርዱ፣ ጥቁሩ ለማስተር፣ መሃል ያለው ግራጫ ለስሌቭ ነው። ሳታ ከዚህ ሁሉ ገላግሎናል።

«ፎርማት አድርገን ስንት ጊዜ ተስተካክሎልናል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የተስተካከለበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ባዮስ እያየው ዊንዶውስ ላይ ቢጫ ምልክትና ኮድ 19 ወይም 39 ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሲዲ መጻፊያ ሶፍትዌር ሬጅስትሪ ውስጥ ትቶት የሄደው አፐርፊልተርስና ሎወርፊልተርስ የሚባል የሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። ባክአፕ ይዞ ሁለቱን ከሲዲና ዲቪዲ ክፍል ሰርዞ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። (ክፍሉ በትክክል ይለይ! ተመሳሳይ ስም በኪቦርድም ስር አለ፤ እዚያ የሰረዘ ኪቦርዱን ያጣል።) ፎርማትም የሠራው እነዚህን ስላጠፋ ነው፤ ግን የሰውየውን ፎቶና ሰነድም አብሮ ያጠፋል። ለሁለት መስመር ጽሑፍ ሲባል የዓመታት ፋይል መደምሰስ ጥገና ነው ብዬ ልቀበል አልችልም። ለእኔ ይህ ሙያ ከሁሉ በፊት የሰውን አደራ መጠበቅ ነው።

«ድራይቭ ርካሽ ነው፤ በአዲስ ቀይሮ መገላገል ነው» የሚለው ክርክር የተሻለ ይመስላል። ሆኖም ጥፋቱ ኬብሉ ላይ ከሆነ አዲሱም አይታይም፤ ባለቤቱም ያለ ጥቅም ገንዘቡን ያወጣል። ለመቀየር ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እሱም ይገኛል። ሲዲ በ780 ናኖሜትር፣ ዲቪዲ በ650 ናኖሜትር ሌዘር ነው የሚነበበው። ድራይቩ ሲዲ እያነበበ፣ በሌላ ማሽን የሚሠሩ ዲቪዲዎችን ግን እምቢ ካለ፣ ሁለቱንም የሚያስተላልፈው ያው አንድ ኬብል ስለሆነ ጥርጣሬው ወደ ዲቪዲው ሌዘር ይዞራል። ያኔ ሌንሱ ተጠርጎ ለውጥ ካልመጣ «ይቀየር» ባዩ ልክ ነው።