7000 ዛፍ፣ 7000 ድንጋይ

የተፈጥሮ ሀብት መመናመንን ጉዳያቸው ያደረጉ በርካታ የሥነ ጥበብ ሥራዎች ሐዘንን ከመቀስቀስ አያልፉም። ተመልካቹ የተራቆተውን ተራራ ሥዕል አይቶ ያዝናል፤ ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ሐዘኑን እዚያው ትቶት ይሄዳል። የጀርመናዊው ቀራጺ የዮሴፍ ቦይስ «7000 የኦክ ዛፎች» የተሰኘው ሥራ ከእነዚህ የሚለየው ተመልካቹን ለተግባር ስለሚጠራው ነው።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 በምዕራብ ጀርመን፣ በካሰል ከተማ በተከፈተው 7ኛው የዶኩሜንታ ዐውደ ርእይ ነበር። በሙዚየሙ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ 7000 የባዛልት ድንጋዮች ተቆለሉ። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ በከተማው ውስጥ አንድ ዛፍ በተተከለ ቁጥር አንድ ድንጋይ ከክምሩ ተነሥቶ ከዛፉ ጎን ይቆማል። ክምሩ ያስቀየማቸው ነዋሪዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ የሥራው ኃይል የመነጨው ከዚሁ ነው፤ ገና ያልተፈጸመው ግዴታ በሕዝብ ዐይን ፊት ተከምሮ ይታይ ነበርና። ኦክ ዝግ ብሎ የሚያድግ፣ መቶ ዓመታትን የሚዘልቅ ዛፍ በመሆኑ ተካዩ ጥላውን ሞልቶ አያየውም። ቦይስም እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተ፤ የመጨረሻውን ዛፍ በ1987 ልጁ ተከለው።

የይዘትና የቅርጽ አንድነት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ድንጋዩ አያድግም፤ ዛፉ ያድጋል። በመጀመሪያ ከችግኙ ገዝፎ የታየው ድንጋይ ከዓመታት በኋላ ከግንዱ አጠገብ አንሶ ይገኛል። ዛፉ ቢደርቅ ግን ድንጋዩ ብቻውን ቆሞ ይመሰክራል።

ሥራው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ክምሩ የሚቆጥረው ተከላን እንጂ እድገትን ባለመሆኑ፣ የመጨረሻው ድንጋይ በተነሣ ዕለት ሁሉም ነገር የተጠናቀቀ ያስመስላል። በአርእስቱም የሚነበበው የዛፎቹ ቁጥር ነው እንጂ ውሃ የሚያጠጣውና የደረቀውን የሚተካው ሠራተኛ ድካም አይደለም።

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የተከላውን ዕለት በዜማና በፖስተር ማወደስ ቀላል ነው። ከሦስት ክረምት በኋላ የጸደቀውንና የደረቀውን ለይቶ ለሕዝብ ማሳየት ግን ከባድ ነው፤ የካሰል ድንጋዮች ይህን ለማድረግ የሚያስችል ቅርጽ እንዳለ ያሳያሉ። ሠዓሊውም ሆነ ጸሐፌ ተውኔቱ ዋና ሥራውን መጀመር ያለበት ከተከላው ማግስት ነው።