ያልታከመ ቁስል፦ ግራዝማች አፈወርቅ በቆራሄ

ፉከራ የገዳይ ቋንቋ ነው። ፎካሪው የጣለውን ይቆጥራል፣ የማረከውን ይዘረዝራል፣ የአባቱን ስም ጠርቶ ይዝታል። ቆስሎ ሕክምናን እምቢ ላለ አዛዥ ግን በዚህ ቋንቋ ውስጥ ስፍራ ማግኘት ይቸግራል። የግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ገድል የአድዋውን የፊታውራሪ ገበየሁን ያህል ያልገነነው አንድም በዚህ ይመስላል።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም በወልወል የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ኢጣሊያ በኦጋዴን በኩል እንደምትገፋ ግልጽ ሆነ። በዚያ የምትገኘውን ቆራሄን እንዲጠብቁ የተመደቡት አፈወርቅ ነበሩ። ቀድሞ የሶማሌው መሪ የሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ደርቪሾች በሠሩት አሮጌ ግንብ ላይ ኦርሊኮን የተባለውን የአውሮፕላን መከላከያ መድፍ አስጠመዱ። የኢጣሊያው ጄኔራል የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ቦምብ ሲያወርዱም መድፉን ይተኩሱ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። በአገሪቱ የነበረው የዚህ ዓይነት መሣሪያ በጣት የሚቆጠር ነበርና አዛዡ ከመድፉ ሥር አልጠፉም።

በጥቅምት 1928 ዓ.ም በአንዱ ድብደባ ቆሰሉ። ቁስሉ መረቀዘ። ወደ ደጋሃቡር ተወስደው እንዲታከሙ ቢለመኑ እምቢ አሉ፤ እርሳቸው ከስፍራው ከተነሡ የሰዉ ልብ እንደሚከዳ ያውቁ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ እዚያው አረፉ።

ይህን እምቢታ እልህ ብቻ አድርጎ ማንበብ ያሳንሰዋል። የዘመኑ ወታደር የሚያድረው ለአለቃው ነው፤ መሬቱን፣ ስንቁንና ክብሩን የሚያገኘው በአለቃው በኩል በመሆኑ አለቃው ሲወድቅ የሚዋጋበት ምክንያት አብሮ ይናጋል። መጋቢት 1881 ዓ.ም በመተማው ጦርነት የሆነውም ይኸው ነው። ድል ወደ ኢትዮጵያውያን አዘንብሎ ሳለ አፄ ዮሐንስ መቁሰላቸው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ። አፈወርቅ በሚያመረቅዝ ቁስል ላይ ተኝተው የተከላከሉት ይህን የቆየ ስንጥቅ ጭምር ነበር። የመሥዋዕትነታቸው ጥልቀት ለዚህ ጸሐፊ የሚታየው ከመድፉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ ሊታከም የሚችል ሰው ሰዓት እየቆጠረ፣ ለሌሎች ጽናት ሲል ሕክምናውን መተዉ።

የፈሩትም ደረሰ። ሞታቸው ሲሰማ ጦሩ ምሽጉን ለቀቀ፤ ጥቅምት 27 ቀን ኢጣሊያኖች ቆራሄን ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአፈወርቅ ከሞት በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጡ።

ያፈገፈገውን ወታደር ፈሪ ብሎ ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በኅዳር መጀመሪያ፣ ከቆራሄ በስተሰሜን አናሌ ላይ፣ በአዲስ አለቃ የተመራ ደጀን ደረሰለት። ያሳድደው የነበረውን የኮሎኔል ማሌቲን ባለታንክ ጦር ገጥመው ታንኮች ከጥቅም ውጭ አደረጉበት። ማሌቲም ወደ ቆራሄ ተመለሰ።